ለሁለት የተገዛው መቃብር

አባ ሊዮኔ፣ ይፍቀዱልኝ። ቪቶና ኑንዚዮ፣ የሟች ልጆች፤ ምራቶች፣ የልጅ ልጆች፤ ሁለት ሦስት አውቶቡስ እየቀያየራችሁ የመጣችሁ የሴዳር ጎዳና ሰዎች፤ በዕድሜ የምትበልጡኝ እናቶቼ፣ ወንበር የደረሳችሁም በከዘራ የቆማችሁም፤ እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ብርድና በዚህ ጭቃ እንደምን ዋላችሁ አይባልም ነበር። ግን ጺያ ዶናታ ሰላምታ ሳይሰጥ ወሬ የሚጀምር ሰው አትወድም። «ሳያንኳኳ ወጥ ቤቴ የሚገባ ድመት ብቻ ነው» ትል ነበር። እኔም አንኳኩቼ ልግባ።

ሚኬሊና ነኝ። የልብስ ሰፊዋ የፊሎሜና ልጅ። ከጺያ ዶናታ ቤት ፊት ለፊት፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ የነበርን። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ የጌጣጌጥ ፋብሪካ ነው። ንግግር አላውቅም። ኑንዚዮ ትናንት «አንቺ ተናገሪ፤ አንቺ እንደሆን ወሬ አይቸግርሽም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ወሬ አይቸግረኝም። ዛሬ ግን ወረቀት ይዣለሁ። ካቋረጥኩ ታገሱኝ።

የልጅ ልጆቿ ቋንቋችንን ስላልወረሳችሁ ልንገራችሁ። ጺያ ማለት አክስት ማለት ነው፤ ጺዮ ደግሞ አጎት። የሥጋ ዝምድና የለንም። ግን በሴዳር ጎዳና ላይ የሥጋ ዝምድና የሚጠይቅ ማን ነበር? አያቶቻችሁ ሁሉ ከአንድ ተራራ፣ ከአንድ መንደር፣ ከአንድ ምንጭ ውሃ ጠጥተው፣ ባሕር ተሻግረው ወደዚህ አገር የመጡ ናቸው። የሁሉም እናት ሁሉንም ትገርፍ ነበር። የሁሉም እናት ሁሉንም ታበላ ነበር።

ከበሩ ስንገባ ጀምሮ የምትንሾካሾኩትን ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ገና አልደከመም። «ለምን እዚህ? ለምን ከአጥሩ ሥር? ባሏ ከላይ አይደለም እንዴ?» አዎ፣ ባሏ ከላይ ነው። ያ ግራጫ ድንጋይ ይታያችኋል? እዚያ ነው ጺዮ ጄራርዶ። ጎኑ ባዶ ነው። ቦታው ሲገዛ ለሁለት ሰው ነበር የተገዛው። ድንጋዩ ላይ ግን የሱ ስም ብቻ መሃል ለመሃል ተቀርጿል፤ ሌላ ስም የሚገባበት ጥግ እንኳን አልተረፈም። እንዲህ ይሁን ያለው ራሱ ነው። ሊሞት ሲል ልጆቹን ጠርቶ «ቤቴን ያሳጣችኝ ሴት ጎኔ አትተኛም» አላቸው። ልጆቹ የአባት ቃል ነውና ጠበቁ። አልፈርድባቸውም።

እኔ የቆምኩት ስለዚያ ቤት ልናገር ነው። ይህን ሳልናገር ያ ሳጥን ወደዚህ ጉድጓድ ቢወርድ፣ ከዛሬ በኋላ ለኔ እንቅልፍ የለም።

እስቲ ለአንድ አፍታ ዝም በሉ።

ሰማችሁት? ያ ከታች የሚመጣው ሹውታ። አውራ ጎዳናው ነው። ያ ድምፅ የሚነሳው ከጺያ ዶናታ ወጥ ቤት ነው። ምድጃዋ በነበረበት ላይ ነው መኪናው የሚያልፈው። አልጋዋ በነበረበት ላይ። እኛ ልጆች በነሐስ ሳፋ የምንታጠብበት ግቢ ላይ።

ታስታውሳላችሁ? ነሐሴ ሲገባ ጎዳናው በሙሉ ቀይ ነበር። ቲማቲሙ በጋሪ ይመጣል፤ ሴቶቹ ወንበር አውጥተው በየደጃፋቸው ይቀመጣሉ። አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ትሰነጥቃለች፣ አንዷ ታጠላለች። ድልሁ በጣውላ ላይ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ የኛ ሥራ ዝንብ ማባረር ነው። ታስታውሳላችሁ? ከመስኮት ወደ መስኮት ገመድ ተዘርግቶ፣ አንሶላው እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ፣ በአንሶላው መሃል ስድቡ ሲመላለስ?

«አንቺ ራፋኤላ! የባልሽ ማንኮራፋት ልጄን ሲቀሰቅስ አደረ!»

«የኔስ ቤቱ አድሮ ነው ያንኮራፋው! ያንቺ የት እንደሚያንኮራፋ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

ወዲያው ደግሞ እዚያው ገመድ ላይ ቅርጫት አንጠልጥለው እንቁላል ይበዳደራሉ። በመሃል ሆና «በቃ፣ ልጆች እየሰሙ ነው» የምትለው ማን ነበረች? ጺያ ዶናታ። እሷ ራሷ እየሳቀች መሆኗን በሽርጧ አፏን ሸፍና ነበር የምትደብቀው።

የገና ዋዜማውን እንዴት እረሳዋለሁ! በኛ ዘንድ ያን ቀን ሥጋ የለም፤ ዓሣ ነው። ከዓሣም ያ ረጅሙ፣ እባብ የሚመስለው፣ የሚያሟልጨው ካልተጠበሰ ገናው ገና አይባልም። የሚገዛውም ከነሕይወቱ ነው። ጺያ ዶናታ ሦስት ገዝታ በባልዲ ውሃ ደጅ አስቀመጠች። ኑንዚዮ፣ አንገትህን አትድፋ፣ አንተ ነህ፤ ባልዲውን በርግጫ አልከው። ሦስቱም በበረዶው ላይ ቁልቁለቱን ተያያዙት። እኛ እየጮኽን ከኋላ፣ ሴቶቹ መጥረጊያ ይዘው፣ ጺያ ዶናታ ሽርጧን እንደ መረብ ዘርግታ። ሁለቱን ያዘች። ሦስተኛው በሰፈራችን በሚዞረው በአየርላንዱ ፖሊስ እግር መሃል ገባ። ያ ቁመተ ሎጋ፣ ያ ፊተ ቀይ፣ ዘሎ አጥር ላይ ወጣ።

«እናንተ ሰዎች እባብ ትበላላችሁ እንዴ!»

የጺያ ዶናታ እንግሊዝኛ ሃያ ቃል አይሞላም ነበር፤ የአየርላንድ ሰው ከድንች ሌላ አይበላም መባሉን ግን ሰምታለች። ዓሣውን በጅራቱ አንጠልጥላ ቀና ብላ አየችው።

«አንተ፣ ድንች። ጠዋት ድንች። ማታ ድንች። ለዚህ ነው ፈሪ የሆንከው። ና ውረድ፣ ብላ።»

ወርዶ በላ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በዋዜማው «እንዲያው ሳልፍ ነው» እያለ ከደጃፏ አይጠፋም ነበር።

ሳቃችሁ። ሳቁ፣ ሳቅ ይገባታል። ግን ጺያ ዶናታን ማወቅ የሚቻለው በሳቅ ቀን አልነበረም። በሐዘን ቀን ነበር።

በኛ ልማድ ሰው የሞተበት ቤት ምድጃ አይነድም። ስምንት ቀን። መስታወቱ ይሸፈናል፣ በሩ ገርበብ ይላል፣ ቤተሰቡን የሚያበላው ጎረቤት ነው። አባቴ በሳንባ በሽታ ሲሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የመጣው ድስት የማን ነበር? የጺያ ዶናታ። በስምንተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ ደክሞት ወደየሥራው ሲመለስ የመጣውስ? እናቴ አልበላም ብላ ግድግዳ ስታይ አጠገቧ ተቀመጠች። «ፊሎሜና፣ እያለቀስሽ ብዪ። መብላቱም ማልቀሱም በአንድ አፍ ነው፤ አንዱ ለሌላው ቦታ ይለቃል» አለቻት። እናቴም እያለቀሰች በላች።

ሌላም ልማድ ነበረን። እናንተ አሮጊቶቹ ታውቁታላችሁ። በእነዚያ ስምንት ቀናት ክፉ ወሬ ሐዘን ቤት አይገባም። ልጅ ቢታመም፣ ፋብሪካ ቢዘጋ፣ አገር ቢቃጠል፣ ስምንቱ ቀን እስኪያልፍ ይደበቃል። መርዶ ላይ መርዶ አይደረብም። ስንቱን ጉድ በዚህ መንገድ ሸሽገናል! ጥሩ ልማድ ነበር። ደግ ሰዎች ያወጡት ልማድ ነበር። የጺያ ዶናታን ቤት ያፈረሰው ያ ልማድና እኔ ነን።

እንግዲህ አድምጡኝ።

ዘመኑ ሃምሳ ሰባት ነው፣ ወሩ መጋቢት። ከአገር ቤት ቴሌግራም መጣ፤ የጺያ ዶናታ እናት ሞታለች። ሃያ ስምንት ዓመት ያላየቻት እናት። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፤ አንዲት የደበዘዘች ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አቁማ ነው ያለቀሰቻት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ የቦሎቄና የፓስታ ድስት አሸከመችኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ደረጃው ላይ አንገቴን ይዛ እንዲህ አለችኝ።

«ደብዳቤ ከመጣ አንብቢልኝ ትልሽ ይሆናል። ክፉ ነገር ከሆነ ምንም አይደለም በያት። ከስምንት ቀን በኋላ እኛ እንነግራታለን። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

እናቴ ከአገር ቤት ሌላ የሞት ወሬ እንዳይከተል ፈርታ ነው። ሌላ ምን ታውቃለች? ነፍሷን ይማር።

ያን ጊዜ ለጎዳናው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የምናነበው እኛ ልጆች ነበርን። ቪቶ፣ አንተ ወታደር ሆነህ ጀርመን ነበርክ። ኑንዚዮ፣ አንተ ጎህ ሲቀድ ሥራ ትወጣለህ። ገና ድስቱን ሳላስቀምጥ ፖስተኛው አንኳኳ። ማኅተም ያለበት ትልቅ ፖስታ። ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ወረቀቱን ለኔ ዘረጋችልኝ።

«ምን ይላል፣ የኔ ቆንጆ?»

አነበብኩት። ሁሉም አልገባኝም፤ የሚበቃኝን ያህል ግን ገብቶኛል። መንገድ ሊሠራ ነው። ይህ ቤት በመንገዱ ላይ ነው። የሚቃወም ካለ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቀርቦ ያስረዳ።

ቀና ብዬ አየኋት። ከኋላዋ ያቺ ፎቶ። ቀዝቃዛው ምድጃ። በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነው መስታወት። የእናቴ ቃል በጆሮዬ።

«ስለ ቆሻሻ ነው» አልኳት። «ቆሻሻ የሚነሳበት ቀን ተቀይሯል ይላል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለች። ወረቀቱን አጥፋ ከቅዱሱ ሥዕል ጀርባ ሰካችው። ተነብቦ ያለቀለት ወረቀት ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ልነግራት ነበር። በእግዚአብሔር ፊት ነው የምናገረው፣ ልነግራት ነበር። ግን በስድስተኛው ቀን ጺዮ ጄራርዶ ከወንዶቹ መጫወቻ ቤት እየሮጠ መጣ። ወሬውን ሰምቷል። ለአንዳንዱ ቤት ደብዳቤ ደርሷል፣ ለአንዳንዱ አልደረሰም።

«ዶናታ፣ ለኛ የመጣ ወረቀት አለ?»

«የመጣውማ የቆሻሻ ነው። ሚኬሊና አንብባዋለች» ብትል ኖሮ እኔን ጠይቆኝ ነገሩ ያን ጊዜ ባለቀ ነበር። እሷ ግን «የመጣው የቆሻሻ ነው» ብቻ አለች።

ሰውዬው ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ያንን ቤት በእጁ ነው የሠራው። ስድስቱን ቀን የሰው ግድግዳ ሲገነባ ይሰነብትና እሁድ ከቅዳሴ ሲመለስ የራሱን ይገነባል። አሥራ አንድ ዓመት። ሐዘን ላይ ስለሆኑ ዘፈን የለም፤ ግን ከምድር ቤት ወይን አውጥቶ ለጎረቤቱ ሁሉ በለሆሳስ ቀዳ። «ተርፈናል» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። «ተርፈናል፣ ተርፈናል።» ለኔም በውሃ በርዞ ቀዳልኝ፤ ግንባሬን ሳመኝ።

ያንን ብርጭቆ ይዤ እንዴት ልናገር? እስቲ ንገሩኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጅ እንዴት ትናገር?

ስምንተኛው ቀን መጣ፤ ነገ አልኩ። ዘጠነኛው መጣ፤ ነገ አልኩ። ሠላሳው ቀን አለቀ። ከላይ በኩል ያሉት የሦስት ቤት አባወራዎች ካህኑን ይዘው ሄደው ተሟገቱ። ሌሎቹ የተሰጣቸውን ተቀብለው ወጡ። ሦስቱ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል፤ መንገዱ አጠገባቸው ሲደርስ ጎበጥ ብሎ ያልፋል። የጺያ ዶናታ ቤት አራተኛው ነበር። ቢሟገቱ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። አርባ አንድ ዓመት ጠይቄ አላወቅሁም።

ግንቦት ላይ ሁለት ሰዎች ሜትርና ነጭ ቀለም ይዘው መጡ። በሯ ላይ ቁጥር ሊጽፉ ሲሉ ጺዮ ጄራርዶ መዶሻውን ይዞ ወጣ።

«ተሳስታችኋል! የኛ ቤት የለበትም!»

«ደብዳቤ ተልኮልዎታል፣ አቶ ጄራርዶ። ቀኑም አልፏል።»

ሥዕሉን ገልብጦ ወረቀቱን አወጣ። ማንበብ የሚችል ጎረቤት ተጠራ፤ ተነበበ። ጎዳናው በሙሉ ወጥቶ ቆሟል። እኔም ቆሜያለሁ፣ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ። ጺዮ ጄራርዶ ወደ ሚስቱ ዞረ። ቢጮኽ ይሻል ነበር። በቀስታ ነው የጠየቃት።

«ማን ነው ያነበበልሽ?»

ጺያ ዶናታ አየችኝ። አንዴ ብቻ። ዓይኗ እኔ ላይ አልቆየም፤ እንደ ማንኛውም ልጅ አይታኝ አለፈች።

«ማንም» አለች። «ማንም አላነበበልኝም። የቆሻሻ መሰለኝና ሰካሁት።»

«መሰለኝ?»

«መሰለኝ። ደደብ ነኝ፣ ጄራርዶ። ፊደል አልቆጠርኩ። ያገባሃትን ታውቃት የለ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ስሟ ምን ነበር? አንሸሽ። ሁላችንም እናውቀዋለን። «ባለደብዳቤዋ።» በገበያ ባለደብዳቤዋ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ባለደብዳቤዋ። ልጆች ገመድ ሲዘሉ የሚያዜሙት እንኳን አውጥተውላት ነበር። እኔም ዘልያለሁ። ከነሱ ጋር ዘልዬ አዚሜያለሁ፤ ዝም ብል ያውቁብኛል ብዬ።

ጺዮ ጄራርዶ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የልጅ ልጆቹ እወቁ። የተሰበረ ሰው ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኪራይ ቤት ገቡ። አሥራ አራት ዓመት ከሷ ጋር በላ፣ ከሷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደ። «ጨው አቀብዪኝ፣ መስኮቱን ዝጊ» ከማለት አልፎ አልተናገራትም። አሥራ አራት ዓመት። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ያ ሁሉ ይቆም ነበር። አልተነፈሰችም።

ቤቱ የፈረሰው ኅዳር ላይ ነው። በማግስቱ ምን አደረገች? ተቀምጣ አለቀሰች? አልጋ ያዘች? ምግብ ሠራች። ትልቁን ድስት በፎጣ ጠቅልላ አውቶቡስ ተሳፈረች። የተበተነውን የሴዳር ጎዳና ሰው በየገባበት ጉሮኖ ፈልጋ አገኘችው። «ቤት የሞተበትም ሐዘንተኛ ነው፤ ምድጃ አያነድም» አለች። ስምንት ቀን እንዲሁ። አንዱ ሹፌር «እማማ፣ ይህ አውቶቡስ ነው፣ ምግብ ቤት አይደለም» ቢላት በእጇ መሪውን አሳየችው። «አንተ ንዳ» አለችው፤ ይህንን በእንግሊዝኛ ታውቀው ነበር። እዚህ ከቆማችሁት ያንን ድስት የበላ አለ። ባለደብዳቤዋ እያለ ሲያማት ቆይቶ የበላም አለ። እኔ አይቻለሁ። እሷም ታውቅ ነበር። ደግማ ነበር የምትጨልፍለት።

በስምንተኛው ቀን ወደኛ መጣች። እግሯን ደረጃው ላይ ስሰማ አልጋ ሥር ገባሁ። እናቴ አንዴ ውሃ ልትቀዳ ወጣ እንዳለች፣ ያቺ ትልቅ ሴት፣ ያቺ ጉልበቷ የሚያማት ሴት፣ በአራት እግሯ ተንበርክካ አልጋ ሥር አየችኝ።

«ውጪ፤ ይቀዘቅዛል።»

«ጺያ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ስሰካው። ፊትሽን አይቼዋለሁ። የቆሻሻ ወሬ ያነበበ ልጅ ዓይኑ እንባ አይሞላም። እኔ ግን እናቴን እያለቀስኩ ነበር፣ ሚኬሊና። ሌላ ነገር መስማት አልፈለግሁም። አንቺ ዋሸሽኝ፤ እኔ ውሸቱን ወደድኩት። ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ እኔ ትልቅ ስለሆንኩ ትልቁን ድርሻ እወስዳለሁ።»

«ለጺዮ ጄራርዶ ልንገረው።»

«አትነግሪውም። እናትሽ ባል የላትም፤ ባሏ ይህ ሰፈር ነው። አንቺ ብትናገሪ ከነገ ጀምሮ የሚሰፋ ልብስ የሚሰጣት፣ በሯን የሚያንኳኳ የለም። እኔ ባልም ልጆችም አሉኝ፤ እችለዋለሁ። ቤቱ ፈርሷል። ሰውም አብሮ አይፍረስ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ይህ ነገር ከአፍሽ አይወጣም። በክርስትናሽ ማይልኝ።»

ማልኩላት። እጇን ዘርግታ ከአልጋው ሥር አወጣችኝ፤ አበላችኝም።

ባልና ልጆች አሉኝ አለች። ምን ያህል እንደሚቀሩላት አላወቀችም።

ጺዮ ጄራርዶ ሲሞት ሄድኩ። «አሁንስ?» አልኳት። «አሁን ለማን? መሬት ውስጥ ያለ ሰው ሐሳቡን አይለውጥም» አለችኝ። እናቴ ስትሞት ሄድኩ። «አሁን እኮ የምትጎዳ እናት የለችኝም።» «ልጆች አሉሽ» አለችኝ። ይህንን ከአጥሩ ሥር ያለ ቦታ ስትገዛ አብሬያት መጣሁ፤ እዚህ፣ የቆማችሁበት ላይ፣ አለቀስኩ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ምን ያስለቅስሻል፤ ፌርማታው ቅርብ ነው፣ ጠያቂ አይደክምም።»

እኔ በሕይወት እስካለሁ ነው ያለችኝ። ማክሰኞ ጠዋት መሐላው አበቃ።

ማክሰኞ ለምን አልተናገርኩም? ረቡዕስ? ሐሙስስ? አስከሬኗ አጠገብ ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ፤ ቪቶ ሁለት ጊዜ ቡና አመጣህልኝ፣ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ፈሪ ስለሆንኩ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቴም ፈሪ ነበርኩ፣ በሃምሳ ሁለትም ያው ነኝ። ደግሞም አሰብኩት። እሷን የወቀሳት ሰው ሁሉ ፊት ነው የተወቀሰችው። እኔ በጓዳ ብናገር ምን ዋጋ አለው?

ቪቶ። ኑንዚዮ።

እናታችሁ ደደብ አልነበረችም። እናታችሁ ቤት አላሳጣችም። ቪቶ፣ ከጀርመን ስትመለስ፣ ሻንጣህን ይዘህ ያ ፍርስራሽ ላይ ቆመህ ያልካትን ቃል ሰምቻለሁ። አጠገባችሁ ነበርኩ። እዚህ አልደግመውም። ግን ያ ቃል የኔ ነው። በስህተት ለሷ ደርሶ አርባ ዓመት ያዘችልኝ። ለኔ መልሰው። ዛሬ ብትፈልግ፣ ነገ ብትፈልግ፣ ቤቴን ታውቀዋለህ።

ይቅርታ አልለምናችሁም። ለሱ ሌላ ቀን አለ፣ ከሌለም የለም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የአባት ቃል ይከበራል፤ እኔም እንደዚሁ ተምሬያለሁ። ግን አባታችሁ ያንን ቃል የተናገረው ማንን ነው? ቤቱን ያሳጣችውን ሴት። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ያቺን ሴት ጎኔ አታስተኙ ነው ያለው፤ እሺ፣ እኔን እዚያ አታስተኙኝ። ዶናታ ምን አደረገችው? ለሷ የተገዛው ቦታ እዚያው ባዶውን አለ።

አልፈርድም። አላዝም። ሳጥኑ ገና ከላይ ነው ለማለት ነው።

ቪቶ፣ ወዴት ነው? ቪቶ!

ተዉት። አትከተሉት፤ ይሂድ። ሰው በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ልክ አለው። እኔ እንደሆንኩ አርባ አንድ ዓመት ጊዜ ነበረኝ፤ ለሱ የሰጠሁት ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ኑንዚዮ፣ ምን አልክ? ጮክ በል፣ ነፋሱ ወሰደው።

ከአባታችሁ ጎን ትቀበር አልክ? ቆፋሪዎቹ ግን ዛሬ ለመቆፈር መሽቷል ነው የሚሉት? ይሁና። ነገ ይቆፈራል። አባ ሊዮኔ፣ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ልታድር ትችላለች? ይቻላል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባ። ድንጋዩስ? ድንጋዩን ተወው፣ ኑንዚዮ፣ ድንጋይ ይገለበጣል፤ ጀርባውም ይጻፍበታል።

እናንተ እንዳታለቅሱ፣ እኔ ልጨርስ።

ጺያ ዶናታ፣ ልሰናበትሽ ነው የመጣሁት፤ ሲናገሩ የሰማኋቸው ሰዎች «በሰላም ረፊ» ይላሉ። እኔ ግን እንዳትቆጪኝ ነው የምፈራው። ዝም በይ ብለሽኝ ነበር፤ ዝም አልኩ፤ ዝምታው ምን እንዳደረገሽ ቆሜ አየሁ። ባልሽ ጠረጴዛ ላይ ጀርባውን ሲሰጥሽ፣ ልጅሽ በገና ሳይመጣ ሲቀር፣ ስምሽ በልጆች ገመድ ላይ ሲዘለልበት፣ አየሁ። ለኔ ስትዪ አንድ ሙሉ ሕይወት ከፈልሽ። የሚመለስ አይደለም። ቤቱን አልመልስልሽም፣ ሰውዬውን አላስታርቅልሽም። ስምሽን ብቻ ነው ማምጣት የቻልኩት፤ እሱም ዘግይቶ፣ አንቺ በማትሰሚበት ሰዓት።

ደህና ሁኚ፣ እመቤቴ። የሴዳር ጎዳና የመጨረሻዋ በር፣ ደህና ሁኚ።

እ? ማን ነው ያ ከላይ?

ወደ መኪናው የሄደ መስሎኝ ነበር። ዳገቱን ነው የያዘው። አባቱ ድንጋይ ፊት ቆሟል። ባርኔጣውን አውልቋል። እያነጋገረው ነው መሰል፤ ወይ እየተቆጣው። ይቆጣው። አርባ ዓመት የተጠራቀመ ነው።

በሉ፣ ተሸካሚዎች፣ ወደ ሳጥኑ ቅረቡ። እስከ ጸሎት ቤቱ መንገዱ ዳገት ነው፣ ጭቃው ያንሸራትታል። ግን እንዳታነሱ፤ ቪቶ እስኪወርድ ጠብቁ። የፊተኛው መያዣ የሱ ነው።